አሮጌው ኮምፒውተር ስንት ሃርድ ዲስክ ይሸከማል?

የአክስቴ ባለቤት ለብዙ ዓመታት የሠርግ ቪዲዮ ሲቀርጹ ነው የኖሩት። ካረፉ በኋላ ከቁም ሣጥናቸው ውስጥ በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለሉ አራት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኮች ወጡ። ሦስቱ መዳፍ ላይ የሚያርፉ ትንንሾች ናቸው፤ አራተኛው መጽሐፍ ቅዱስ የሚያህል ወፍራም፣ ግድግዳ ላይ የሚሰካ የራሱ አዳፕተር ያለው። የሰፈሩ ግማሽ ሠርግ በውስጣቸው አለ። የአክስቴ ልጆች ክርስትና፣ የእናቷ ተዝካር፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ሰዎች እስክስታ ሲወርዱ የሚታዩበት ቀረጻ፣ ሁሉም እዚያ ነው። አሜሪካ ያለችው ልጇ አንድ አዲስ ትልቅ ዲስክ ልካላት ስለነበር፣ አክስቴ ቡናውን እያቀረበች «ልጄ፣ ሁሉንም ሰካልኝና ወደዚህ ሰብስብልኝ» አለችኝ።

ኮምፒውተሩ እሳቸው ይሠሩበት የነበረው ነው። ዊንዶውስ 7 የተጫነበት፣ ከፊት ሁለት፣ ከኋላ ስድስት የዩኤስቢ ቀዳዳ ያለው ዴስክቶፕ። ቀዳዳው ስምንት፣ ዲስኩ አምስት፤ ሲቆጠር የሚበቃ ይመስላል።

አንደኛውን ትንሽ ዲስክ ከፊት ሰካሁት፤ ተነሣ። ሁለተኛውን ከጎኑ ስሰካ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማና የመጀመሪያው ከስክሪኑ ላይ ጠፋ። ገመዱን ነቅዬ መልሼ ብሰካውም ያው ነው። ቡና ሊጠጣ ገባ ያለ የጎረቤት ልጅ «ይሄ ሲፒዩ አርጅቷል፣ ለቆራሌው ስጡትና ሌላ ግዙ» ብሎ ፈረደ።

በዚህ ፍርድ አልስማማም። በየቤቱ ስንት ደኅና ማሽን እንዲህ ተፈርዶበት እንደወጣ ሳስብ ያንገበግበኛል። ኮምፒውተሩ ማርጀቱ እውነት ነው፤ ያን ቀን የተቸገረው ግን በእርጅና አልነበረም።

አክስቴን «ምጣዱን ስትሰኪ መብራቱ ምን ይሆናል?» አልኳት።

«ይደክማል።»

«በላዩ ላይ ምድጃውን ብትጨምሪበትስ?»

«ብሬከሩ ይወርዳላ!»

በዲስኮቹ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። ግድግዳው ላይ አምስት ሶኬት ስላለ አምስት ምጣድ መሰካት አይቻልም፤ ከሶኬቶቹ ጀርባ ያለው መስመር አንድ ነውና። የዩኤስቢ ቀዳዳም እንደዚያ ነው። ስምንት ሆኖ ይታያል፣ ከጀርባው ግን ጥቂት መስመሮችን ይጋራል። የሚጋራውም ሁለት ነገር ነው፦ ኤሌክትሪኩን እና መረጃው የሚሄድበትን መንገድ። በዩኤስቢ 2.0 ገመድ ውስጥ ያሉት ሽቦዎች አራት ናቸው፤ ሁለቱ 5 ቮልት ኤሌክትሪክ ያመላልሳሉ፣ ሁለቱ ፋይሉን። ዲስክ ሲጠፋ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከኤሌክትሪኩ ነው፤ ዲስክ ሲዘገይ ደግሞ ከመንገዱ። እነዚህን ሁለት ችግሮች ለይቶ ማየት ከግማሽ በላይ ሥራውን ያቀላል።

ከኤሌክትሪኩ ልጀምር። የዩኤስቢ 2.0 ደንብ ለአንድ ቀዳዳ የሚፈቅደው 500 ሚሊአምፔር ነው፤ በ5 ቮልት ሲባዛ 2.5 ዋት ይሆናል። ያ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ እንደሚበላ ስናስብ እጅግ ትንሽ ነው። በትንሹ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ግን የሚሽከረከር ሳህን አለ፤ በብዙዎቹ ላይ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል። ወፍጮ ቤት የቆመ ሰው እንደሚያውቀው ሞተር ሲነሣ ያቃስታል፣ ፍጥነት ከያዘ በኋላ ግን ይቀለዋል። ዲስክም በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ወደ 1 አምፔር የሚጠጋ ሊስብ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ግማሹ ያህል ይበቃዋል። ስለዚህ ጭንቁ ያለው ሲነሣ ነው። ኤሌክትሪኩ ካነሰው ሳህኑ ፍጥነት ሳይዝ ይቀራል፣ አንባቢዋ ራስ ወጥታ ቦታዋን ለማግኘት ትሞክራለች፣ ኃይል ያጥራታል፣ ወደ ማረፊያዋ ትመለሳለች፣ እንደገና ትሞክራለች። ቀጭ፣ ቀጭ የሚለው ይህ ነው።

ታዲያ 500 ሚሊአምፔር ብቻ ከተፈቀደ የመጀመሪያው ዲስክ እንዴት ተነሣ? ማዘርቦርዱ ቸር ስለሆነ ነው። በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ጎን ለጎን ወይም ላይና ታች ለተቀመጡ ሁለት ቀዳዳዎች አንድ የጋራ ፊውዝ ይደረጋል፤ ይህ ፊውዝ ልክ 500 ላይ አይቆርጥም፣ ለሁለቱ የሚበቃውን ያህል ያሳልፋል። ብቻውን የተሰካ ዲስክ እንግዲህ የጎረቤቱንም ድርሻ ይዞ ነው የሚነሣው። ጎረቤቱ ሲመጣ ሁለቱም ይራባሉ። በፊት ያሉት ቀዳዳዎች ደግሞ የባሰባቸው ናቸው፤ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኙት ሳጥኑ ውስጥ በሚያልፍ ቀጭን ገመድ ስለሆነ ቮልቱ መንገድ ላይ ይቀንሳል። 5 ቮልት ብሎ የተነሣው ዲስኩ ጋ ሲደርስ ከ4.75 ቮልት በታች ከወረደ ብዙ ዲስክ መንገዳገድ ይጀምራል። በኋላ በኩል ያሉት በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየዱ ናቸው።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ያደረግሁት ሦስት ነገር ነው። ዲስኮቹን ወደ ኋላ አዞርኳቸው። ላይና ታች ሆነው በተጣመሩት ቀዳዳዎች ላይ ሁለት ዲስክ ሳላደርግ፣ በአንዱ ጥንድ አንድ ብቻ ሰካሁ። ረጅሙንና ቀጭኑን ገመድ ትቼ አጭሩን ያዝኩ። ሁለት ትንንሽ ዲስኮች ያለ ድምፅ ተነሡ! አክስቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ሦስተኛው ግን አልተነሣም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ወደ ሱቅ ሄዶ ባለ አራት ቀዳዳ ሃብ፣ ማለትም የዩኤስቢ ማከፋፈያ፣ ይገዛል። ርካሹ ሃብ የራሱ አዳፕተር የለውም፤ ይህ ደግሞ ዲቫይደር ላይ ዲቫይደር እንደመሰካት ነው። ሶኬት ይጨምራል እንጂ መብራት አይጨምርም። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ሃብ ከኮምፒውተሩ 500 ሚሊአምፔር ይቀበላል፣ 100ውን ለራሱ ይይዛል፣ የቀረውን 400 ለአራት ያካፍላል። ለእያንዳንዱ 100 ይደርሰዋል። እንዲህ ዓይነቱ ሃብ ከአራት ቀዳዳ እንዳያልፍ ደንቡ የወሰነው በዚህ ምክንያት ነው። 100 ሚሊአምፔር ለማውስና ለኪቦርድ ይበቃል፤ ለሃርድ ዲስክ ግን ከቁርስ በፊት የሚቀመስ ቆሎ ነው። ለዚህ ሥራ አዳፕተር የሌለው ሃብ አትግዙ።

የሚያስፈልገው ግድግዳ ላይ የሚሰካ የራሱ አዳፕተር ያለው ሃብ ነው። በየግቢው ቧንቧው ሲደክም ሮቶ እንደምንተክለው ማለት ነው፤ ውኃው በራሳችን ማጠራቀሚያ ይኖራል፣ የመንገዱ ቧንቧ ቢቀጥንም ቤቱ አይደርቅም። በዚህ ሃብ ላይ የተሰካ ዲስክ ኤሌክትሪኩን ከአዳፕተሩ ይወስዳል፤ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚጋራው የፋይሉን መንገድ ብቻ ነው። ስትገዙ የቀዳዳውን ቁጥር ትታችሁ በአዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። 5 ቮልት፣ 4 አምፔር የሚል ከሆነ አራት ትንንሽ ዲስክ በአንድ ጊዜ ሲነሡ እንኳ አያፍርም። ሰባት ቀዳዳ ኖሮት 5 ቮልት፣ 2 አምፔር የሚል ከሆነ ግን ያው ሁለት ዲስክ ነው። አምፔሩ ጠባብ በሆነበት ቤት ዲስኮቹን አንድ በአንድ፣ በመካከሉ አሥራ አምስት ሰከንድ ያህል እየጠበቁ መሰካት ይረዳል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከማቃሰት ይድናሉ።

ወፍራሞቹ ዲስኮች በዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገቡም። 12 ቮልት ስለሚፈልጉና ዩኤስቢ የሚሰጠው 5 ብቻ ስለሆነ የራሳቸው አዳፕተር አላቸው። ከአሜሪካ የመጣው አዲሱ ዲስክ አዳፕተር ላይ 100-240 ቮልት ተብሎ ተጽፏል፤ እንዲህ ካለ በእኛ 220 ቮልት ላይ ያለ ሥጋት ይሠራል፣ የሚቀየረው የሶኬቱ እግር ብቻ ነው። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ግን አይሰካም፤ ይቃጠላል።

አዳፕተር ካነሣሁ አይቀር አንድ ከልቤ የምለምነው ነገር አለ። በአንድ ቤት ውስጥ የዲስኩ 12 ቮልት፣ የሃቡ 5 ቮልት፣ የላፕቶፑ 19 ቮልት አዳፕተሮች በአንድ ካርቶን ይጣላሉ፤ ክቡ ጫፋቸው አንዱ በሌላው ውስጥ ሊገባ ይችላል። በ5 ቮልት የሚሠራ ዕቃ ውስጥ 19 ቮልት ሲገባ የዲስኩን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ በቅጽበት ያቃጥለዋል። የሰው ልጅ ክርስትና፣ የእናት ተዝካር እንዲህ ይጠፋል። ስለዚህ ያን ቀን ቡናው ሁለተኛው ሳይደርስ በእያንዳንዱ አዳፕተር ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፈን በእስክሪብቶ የማን እንደሆነ ጻፍንበት።

መብራት በሚሄድበት አገር ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። አክስቴ ቤት ዩፒኤስ አለ፤ የተሰኩበት ግን ሲፒዩውና ስክሪኑ ብቻ ነበሩ። የሃቡና የወፍራሞቹ ዲስኮች አዳፕተር ግድግዳው ላይ ከሆነ፣ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩ በሕይወት ይቀጥላል፣ ዲስኮቹ ግን መጻፍ ላይ እያሉ ይሞታሉ። ይህ ሁሉም አብሮ ከሚጠፋበት አይሻልም። ስለዚህ የዲስኮቹም አዳፕተር፣ የሃቡም አዳፕተር ዩፒኤሱ ላይ ይሰካ፤ ግድግዳው ላይ ይቅር የሚባል ነገር ካለ ማተሚያው ይቅር። ዩፒኤስ የሚሰጠው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ኮፒውን አቁሞ ዲስኮቹን በሥርዓት ለማውጣት ይበቃል። ሰው በሌለበት ሌሊቱን ሙሉ ኮፒ ማድረግ ግን አልወደድኩትም። በቀን፣ አክስቴ ባለችበት፣ ፎልደር በፎልደር ሠራነው።

አሁን ወደ መንገዱ። ዩኤስቢ 2.0 እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ነው፤ ወረቀቱ ላይ በሰከንድ 480 ሜጋቢት ይላል። ይህ 60 ሜጋባይት ይሆናል፤ በተግባር ግን ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ቢሄድ ደስ ይላችሁ። 500 ጊጋባይት የሞላ ዲስክ በሰከንድ 30 ሜጋባይት ሲገለበጥ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ይህም መንገዱ ለአንድ ዲስክ ብቻ ሲሆን ነው። ከአንዱ ዩኤስቢ ዲስክ ወደ ሌላው ስትገለብጡ ያው ፋይል አንዴ ወደ ኮምፒውተሩ ይገባል፣ አንዴ ይወጣል፤ ሁለቱም በአንድ መስመር ላይ ተራ እየጠበቁ ከሆነ ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል፣ አራት ሰዓት ተኩሉም ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። አራቱንም ዲስክ በአንድ ጊዜ ኮፒ ማስጀመር ሥራውን አያፋጥነውም፤ የዲስኮቹን ራስ ወዲያና ወዲህ እያሯሯጠ ያባብሰዋል። አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ነው የሚሻለው።

በዚያ ዘመን በተሠሩ ብዙ አሮጌ ዴስክቶፖች ላይ ግን አንድ የተደበቀ በረከት አለ። ስምንቱን ቀዳዳ የሚያስተዳድሩት ሁለት የተለያዩ የዩኤስቢ 2.0 ተቆጣጣሪዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ከፊሉ ቀዳዳ በአንዱ፣ ከፊሉ በሌላው ሥር ነው። የሚነበበውን ዲስክ በአንዱ ሥር፣ የሚጻፍበትን በሌላው ሥር ብታደርጉ ሁለቱም የየራሳቸው መንገድ ይኖራቸዋል። የትኛው የት እንደሆነ ለማየት ዲቫይስ ማኔጀርን ከፍታችሁ፣ ዝርዝሩ በግንኙነት ቅደም ተከተል እንዲታይ ምረጡ፤ እያንዳንዱ ዲስክ በየትኛው ተቆጣጣሪ ቅርንጫፍ ላይ እንደተንጠለጠለ ይታያል። እኔ አዲሱን ዲስክ ሁለት ጊዜ ቀዳዳ ቀያይሬ ነው ሌላኛው ቅርንጫፍ ላይ ያገኘሁት። ኮፒው ወዲያው ፈጠነ።

ዩኤስቢ 3.0 እ.ኤ.አ. በ2008 መጣ። ብዙውን ጊዜ በቀዳዳው ውስጥ ባለው ሰማያዊ ፕላስቲክ ይታወቃል። መሄጃና መምጫው የተለያየ መስመር ነው፣ ለአንድ ቀዳዳም 900 ሚሊአምፔር ይፈቅዳል። ለአሮጌ ዴስክቶፕ ካርድ ገዝቶ መጨመር ይቻላል፤ ሳጥኑ ተከፍቶ ማዘርቦርዱ ላይ ባለችው ትንሿ የፒሲአይ ኤክስፕረስ ቀዳዳ ላይ ይሰካል። ቀዳዳዋ የመጀመሪያው ትውልድ ብትሆን እንኳ በሰከንድ 250 ሜጋባይት ታሳልፋለች፤ የሚሽከረከር ዲስክ 100 ሜጋባይት ገደማ ስለሚሄድ ለአንድ አንባቢና ለአንድ ጸሐፊ ዲስክ ትበቃለች። ከመግዛታችሁ በፊት ሳጥኑ ቀጭኑ ዓይነት መሆን አለመሆኑን እዩ፤ ከሆነ ካርዱ ባለ አጭር ቁመት መሆን አለበት። ከፓወር ሰፕላዩ ገመድ የሚቀበል ሶኬት ያለበት ካርድ ደግሞ ለዲስክ ይሻላል። ዊንዶውስ 7 ዩኤስቢ 3.0ን በራሱ አያውቅም፣ ከካርዱ ጋር የሚመጣውን ድራይቨር መጫን ግድ ነው። ዲስኩም ራሱ 3.0 ካልሆነ ካርዱ አያፈጥነውም። ቪዲዮ መቅረጽ እንጀራው ለሆነ ሰው ይህን ካርድ አጥብቄ እመክራለሁ። እንደ አክስቴ አንዴ ሰብስቦ ለሚጨርስ ሰው ግን ትዕግሥት ይበቃል፤ ገንዘቡ ለሃቡና ለሁለተኛ መጠባበቂያ ዲስክ ቢውል ይሻላል።

ሁሉም ተሰክቶ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ስታስነሡ ጥቁር ስክሪን ላይ ቆሞ ቢቀር አትደንግጡ። ማሽኑ ዊንዶውስን ከኤክስተርናሉ ላይ እየፈለገ ነው። ዲስኮቹን ንቀሉ፣ ዊንዶውስ ሲነሣ መልሳችሁ ሰኩ፤ ወይም ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ የውስጡን ዲስክ ከሁሉ አስቀድሙት።

ዊንዶውስ ለዲስኮች የሚሰጠው ፊደል ደግሞ ይቀያየራል። ዛሬ ኢ የተባለው ነገ ኤፍ ሊሆን ይችላል። አምስት ዲስክ በተሰካበት ማሽን ላይ ፊደልን ማመን አደገኛ ነው፤ ለእያንዳንዱ ዲስክ ስም ስጡት፣ ያንኑ ስም በጀርባው ላይ ለጥፉበት። ፋይል ስታዛውሩም ኮፒ እንጂ ከት አታድርጉ። ገልብጣችሁ፣ ከፍታችሁ አይታችሁ፣ አሮጌውን ሳትነኩ አስቀምጡት።

«ይህን ዲስክ ለመጠቀም ፎርማት ያስፈልገዋል» የሚል ጥያቄ ቢመጣ መልሱ ሁልጊዜ «አይ» ነው። ይህ ጥያቄ ዲስኩ ባዶ ነው ማለት አይደለም፤ ዊንዶውስ ማንበብ አቃተው ማለት ነው። ምክንያቱ የኤሌክትሪክ ማነስ ሊሆን ይችላል፣ ዲስኩ በማክ ኮምፒውተር የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ማሽኑ ዊንዶውስ ኤክስፒ ሆኖ ዲስኩ ከ2 ቴራባይት የሚበልጥ ሊሆን ይችላል፤ ባለ 32 ቢቱ ኤክስፒ ለትልልቅ ዲስኮች የተሠራውን አዲሱን አከፋፈል አያነብም። ዲስኩን ወደ ሌላ ማሽን ወስዶ ማየት ይቀድማል።

ሲወጣም በሥርዓት ይውጣ። ዊንዶውስ 7 «ኮፒው አልቋል» ካለ በኋላ ጥቂት ነገር ገና ሳይጻፍ በኮምፒውተሩ ሜሞሪ ውስጥ ሊቀር ይችላል፤ ከታች በቀኝ ጥግ ካለችው ምልክት ላይ ኢጀክት ስታደርጉ ነው የቀረውን ጨርሶ የሚጽፈው። ከዚያ በኋላም የሳህኑ መሽከርከር እስኪቆም ዲስኩን ከጠረጴዛው ላይ አታንሡት።

በሦስተኛው ቀን ማታ ሦስት ዲስኮች ወደ አዲሱ ተገልብጠው አለቁ። የቀረው ያ መጀመሪያም ያልተነሣው ትንሹ ዲስክ ነው። አዳፕተር ባለው ሃብ ላይ ብቻውን፣ በአጭር ገመድ ሰካሁት። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ኤሌክትሪኩ ሞልቶለት ይህ ድምፅ ከቀጠለ ነገሩ ሌላ ነው፤ ብዙውን ጊዜ አንባቢዋ ራስ ተጎድታለች ማለት ነው። ደጋግሞ መሰካት፣ መታ መታ ማድረግ፣ ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት፣ ሳጥኑን መክፈት፣ ሁሉም የቀረውን ይፍቃል። ነቀልኩት። ለአክስቴም እንዳለ ነገርኳት፦ በውስጡ ያለው ሊወጣ ይችል ይሆናል፣ ግን ዲስክ ከፍተው ፋይል በሚያወጡ ባለሙያዎች እጅ እንጂ በእኔ እጅ አይደለም።

ዲስኩን ተቀብላ አገላብጣ አየችው። በጀርባው ላይ በባለቤቷ እጅ ጽሑፍ «1999፣ የእኛ» የሚል አለ። በነጠላው ቁራጭ መልሳ ጠቀለለችውና፣ «እንግዲህ እስከዚያ ማንም አይሰካው» ብላ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ቆለፈችበት።